የእኅቴ ዲስኮ

እኅቴ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የሶልና የዲስኮ አልበም አወጣች። ይህን ስናገር ሰዎች እየቀለድኩ እንደሆነ ለማጣራት ፊቴን ያዩኛል። አልቀለድኩም። ሰው ጋቢውን ደርቦ ከጭላሎ የሚወርደውን ብርድ በሚሸሽባት አሰላ፣ የእኔ ታላቅ እኅት የሚያብለጨልጭ ጃኬት ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደ ድሮ ሰው አጎፍራ፣ በየሰዉ ስልክ ላይ ትከሻዋን ስታወዛውዝ ታየች። እኔ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። በማግሥቱ ክፍል ስገባ የኋላ ወንበር ላይ አንዱ ትከሻውን እያወዛወዘ ነበር፤ ሲያየኝ እንደ መፍራት ብሎ ቀጥ አለ። ምን ልለው? እኅቴ አይደለችም ልለው አልችልም፤ አፍንጫችን አንድ ነው።

እስከዚያ ቀን አሰላ እኅቴን የምታውቃት በጣቶቿ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ፣ መጀመሪያ ሮቤ፣ ቀጥሎ እዚሁ አሰላ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ደብዳቤ ስትመታ ኖራለች። ኃላፊዎች መጡ፣ ተሾሙ፣ ተነሱ፣ አንዳንዶቹም ታሰሩ፤ እሷ "ለሚመለከተው ሁሉ" እያለች መምታቷን ቀጠለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ ትዘፍን ነበር። ጥብስ የሚያላምጡ የስንዴ ነጋዴዎችና ከሌላ ክልል ተመድበው መጥተው ናፍቆታቸውን በቢራ የሚያወራርዱ ሠራተኞች ፊት ቆማ፣ በአንዲት ኪቦርድ ታጅባ፣ ማንም ያልጠየቃትን ሶል ትዘፍናለች። ሰው የሚጠይቀው ትዝታ ነው። እሷ "እሺ፣ ቀጥዬ" ትልና አትቀጥልም። ባለፈው ዓመት በፈቃዷ ጡረታ ወጣችና አልበሜን እሠራለሁ አለች። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ አንድ የፖሊስ ባንድ ነው። እሷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ባንዱ አሰላ ስታዲየም መጥቶ ነበር። እኔን አዝላ ነው የሄደችው፤ አራት ዓመቴ ነው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሲነፋ ድምፁ ደረቷን መታት። እስከ ዛሬ ድረስ ስትናገር እጇን እዚያው ቦታ ላይ ታደርጋለች። "አንተ ግን ተኝተህ ነበር" ትለኛለች ሁልጊዜ። የዚያን ቀን አንድ ነገር ፈለገች፤ በዚያ ድምፅ ፊት ቆሞ መዝፈን። አንድ ጊዜ። በኪቦርድ ሳይሆን ሰው በሳንባው በሚነፋው መሣሪያ ፊት። ቤተሰባችን "አዝማሪ አንወልድም" አለና ታይፕ ተማሪ ተባለች። ታይፕ ተማረች፤ ፍላጎቷን ግን አልተወችም። አርባ ዓመት። እኔ በአርባ ዓመት ውስጥ የፈለግኳቸውን ነገሮች እንኳን ላገኛቸው፣ ዝርዝራቸውንም አላስታውስም።

ስቱዲዮው አዳማ ነው። ስቱዲዮ ያልኩት እነሱ ስላሉት ነው እንጂ ከጎሚስታ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎባታል። አቀናባሪው ቤት ውስጥ የፀሐይ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። እኅቴን "ማዘር" እያለ ይጠራታል፤ ከእሷ የሚያንሰው ምናልባት በአሥር ዓመት ነው። ሦስት ቀን አብሬያት ተመላለስኩ፤ አንድም በሚኒባስ ብቻዋን እንዳትጓዝ፣ አንድም እውነቱን ለመናገር ጉዱን ለማየት።

"ትራምፔቱስ?" አለችው የመጀመሪያው ቀን።

ሰውየው ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነ። የወጣው ድምፅ ወደ ኦጎልቾ የሚሄድ ሚኒባስ መንገደኛ ሲጠራ የሚያሰማው ጥሩምባ ነው። "ይኸው ማዘር" አላት።

"ይህንን ሰው አልነፋውም።"

"ማን ይለየዋል?"

"እኔ እለየዋለሁ" አለች። ግን ሌላ አቅም አልነበራትም፤ ማይክራፎኑ ፊት ቆመችና በሚኒባስ ጥሩምባ ታጅባ ዘጠኝ ዘፈን ዘፈነች።

ዘጠኙንም ግጥም የደረሰችው ራሷ ናት። ከመካከላቸው እኔን እጅግ ያሳፈረኝ "ጉዳዩ፦ ፍቅርን ይመለከታል" የሚለው ነው። በመንግሥት ደብዳቤ አጻጻፍ የተሠራ የፍቅር ዘፈን አስቡ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ መጨረሻው ላይ "ግልባጭ፦ ለልቤ" ትላለች፤ ከኋላ ሁለት ኮረዶች "ለልቤ፣ ለልቤ" እያሉ ይቀበሏታል።

በቁጥር በቀን ወጪ ባደርገው ፍቅሬን፣
መዝገብ ቤት አቧራ በላው ደብዳቤዬን።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይህቺን እየደጋገሙ ይዘፍኑብኝ ጀመር። አንዱ የሒሳብ መምህር ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ሲሞላ "ግልባጭ ለልቤ" ብሎ አንጎራጎረ። ሳቅኩ። አብሬያቸው መሳቄ ነው የሚያናድደኝ፤ ያኔ ግን ብልኅነት መስሎኝ ነበር።

አልበሙ ግንቦት ላይ ወጣ። ሁለት ወር ከአሰላ ውጭ ማንም አላየውም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ የዓመቱን አሥር አልበሞች እመርጣለሁ ብሎ ነገር ጀመረ። አቅራቢው ከሦስት ቃል ሁለቱን በእንግሊዝኛ የሚናገር፣ ሦስተኛውንም የሚያኮላትፍ ልጅ ነው። ደንቡ ቀላል ነው። አልበሞቹ በሬዲዮው ገጽ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድን አልበም ስንት ስልክ ከፈተው ተብሎ ይቆጠራል፤ በብዙ ስልክ የተከፈተው ከላይ ይሆናል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ እሑድ፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ። ከአሥሩ ውስጥ የገቡት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አዲስ አበባ ውስጥ ከሙሉ ባንድ ጋር ይዘፍናሉ፤ ቴሌቪዥንም ያስተላልፈዋል።

ሙሉ ባንድ ማለት ሁለት ትራምፔት፣ ሁለት ሳክስፎንና አንድ ትሮምቦን ነው። እኅቴ ደውላ አጣርታለች። ኤሌክትሪክ የማይፈልጉ መሆናቸውን ሳይቀር ጠይቃለች።

አንድ ምሽት እራት በልተን ስናበቃ ቆጠራውን እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሷ በወላጆቻችን ቤት፣ እኔና ቤተሰቤ ከኋላ በሠራነው። እኔም ለዘጠነኛ ክፍል እንደማስተምረው፣ ምናልባትም ከዚያ በባሰ ኩራት፣ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት።

"ይኸውልሽ እትዬ። ይህ ብርጭቆ ስልክ ነው። አንድ ስልክ መቶ ጊዜ ቢከፍተው አንድ ነው። አንድ ስልክ ለመቶ ሰው ብታሰሚበትም አንድ ነው። መቶ ሰው በየስልኩ ሲከፍት ነው መቶ የሚሆነው። ይህ ለሕፃንም ይገባዋል።"

"ገባኝ" አለች። ብርጭቆዎቹን አነሳችና አጠበቻቸው።

እንግዲህ ደረጃው መውጣት ጀመረ። ማን እንደከፈተው አላውቅም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ጸሐፊዎች ናቸው ይባላል። ሮቤ፣ አርቦዬ፣ አዳማ፣ ከዚያም የማላውቃቸው ከተሞች፤ ደብዳቤ ሲመቱ የኖሩ ሴቶች ያቺን የደብዳቤ ዘፈን እየተቀባበሏት ኖሯል። ሃያ ዘጠነኛ የነበረው አልበም አሥራ ዘጠነኛ ሆነ። ቀጥሎ አሥራ አምስተኛ። ነሐሴ ሲጋመስ አሥራ ሁለተኛ።

አሰላ ይህን ጊዜ ነቃች። ችግሩ አርሲ ደረጃ የሚያውቀው በሩጫ ብቻ መሆኑ ነው። እዚህ አገር ሕፃን መራመድ ሲጀምር ስንት ደቂቃ ፈጀበት ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። የእድራችን ሊቀመንበር በወጣትነታቸው አምስት ሺህ ሜትር ሮጠው፣ እግራቸው ከዚህ ከተማ ስታዲየም አልፎ የማያውቅ፣ ወሬያቸው ግን ዓለም አቀፍ የሆነ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

"መምህር፣ እኅትህ ስንተኛ ናት?"

"አሥራ ሁለተኛ፣ ጋሼ።"

"ስንት ዙር ቀራት?"

"ዙር አይደለም። ሁለት ሳምንት ነው የቀራት።"

"አሥረኛ ብትወጣስ ምን ይደረግላታል?"

ነገርኳቸው። "በእኛ ጊዜ አራተኛ የወጣ ቤቱ የሚገባው በጓሮ በር ነበር" አሉ፤ "አሥረኛ የሚሸለምበት ነገር ሰምቼ አላውቅም። ይሁን፤ የእድራችን ልጅ ናት፤ አሯሯጭ እንሆናታለን።"

ንቄያቸው ሄድኩ። ምን ሊያደርጉ ይችላሉ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ለመጨረሻው እሑድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። በዚያ ሰዓት የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሠፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ዝናብ ውስጥ ወጣ፤ "ማን ነው? ማን አረፈ?" ይባባላል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ባልቴት ገና ሳይጣራ ማልቀስ ጀምረው ነበር። ለፋፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "የሞተ የለም! ነገ ከቅዳሴ መልስ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም አባል በእድሩ አዳራሽ ተገኝቶ አልበም እንዲሰማ! ስም ይጠራል! ያልተገኘ ይቀጣል!" አለ። ባልቴቲቱ እንባቸውን ጠርገው "አልበም ማነው?" ብለው ጠየቁኝ።

እኅቴ ይህን አልሰማችም። አርብ ዕለት ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር፤ ሰኞ ነው የምትመለሰው። ሊቀመንበሩም ድንገት እንድትደሰት ብለው እንዳይነገራት አዘዙ።

እኔን አዳራሹ ውስጥ ያገኙኝ በመምህርነቴ ነው። ስልኩን ከፕሮጀክተሩና ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ስልኩ የሊቀመንበሩ ነው፤ ከእድሩ ወንበሮች አንዱ ላይ በነጭ ጨርቅ አስቀመጡት። አዳራሹ ሞልቷል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ጠራ፤ ሰው እየተነሳ "አቤት" አለ፤ የቀረ አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች እንዲያውም ከአልጋ ተነስተው ነው የመጡት። ስንዴ የሚነግዱት ሐጂ "እኔ ዘፈን አልሰማም" ብለው ነበር አሉ፤ እድር ነው ሲባሉ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ግን ከወለሉ አላነሱም።

ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። መቼም ንግግር ሲያገኙ አይለቁትም። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አሉ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉ። ከዚያ ዛሬም ድረስ በጆሮዬ የሚጮኸውን ምክንያት ተናገሩ። "አንዳንዶቻችሁ ለምን በየቤታችን አንሰማም ብላችኋል። በየቤታችሁ ስሙ ብንል ማን ሰማ፣ ማን አልሰማ፣ በምን ይታወቃል? ከቀብር ቀርቶ 'በልቤ ተገኝቻለሁ' የሚል አባል እዚህ ቤት አይተናል። እድር በአካል ነው። አብረን እንሰማለን፤ ፊርማ እንፈርማለን፤ ቁጥራችን ይታወቃል።"

ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሃምሳውን ሎሚ ለአንዲት ስልክ እያሸከሙ ነው። ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ፊርማ፣ ሬዲዮው ዘንድ ሲደርስ አንድ ነው። አንድ።

"አሁን ደግሞ" አሉ ሊቀመንበሩ፣ "ሁላችሁም ስልካችሁን አጥፉ። ኔትወርኩን እንዳትሻሙባት።"

አጠፉ። በየኪሱና በየቦርሳው ውስጥ የስልኮች መሰናበቻ ዜማ ተራ በተራ ተሰማ። ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚህ የሚበልጥ ሞኝነት በዕድሜዬ አላየሁም፤ እኔ ደግሞ የሰው ሞኝነት ማየት የምወድ ሰው ነኝ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ እንዲህ ልክ ነው አይደል?"

አዳራሹ ሁሉ አየኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ስልካችሁን አብሩና እያንዳንዳችሁ ክፈቱት ማለት ብቻ።

"ለሁሉም ይሰማል፣ ጋሼ" አልኩ።

የጠየቁኝ እሱን አልነበረም። ግን መልሴ ከመምህር አፍ የወጣ ስለሆነ በቂ ሆነ። የራሴንም ስልክ አጠፋሁ።

ለምን እንዳልተናገርኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ የማገኘው መልስ አንድም ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። አሥረኛ ከሆነች በቴሌቪዥን ትታያለች። ያንን ጃኬት ለብሳ፣ "ግልባጭ ለልቤ" እያለች፣ አገር ሁሉ ፊት ትወዛወዛለች። መስከረም ላይ ክፍል ስገባ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ነገሩ እንዲያበቃ ፈለግኩ። ለእሷው ነው ብዬም ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ፤ መሳቂያ እንዳትሆን አልኩ። መሳቂያ እንዳልሆን የፈለግኩት እኔ ነበርኩ። ደግሞም እነዚያን ሰዎች ከአናታቸው ቁልቁል ማየቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መናገር አለብኝ።

ዘፈኑ ተጀመረ። እንዲያ ሲሰማ አይቼ አላውቅም። ሆቴሉ ውስጥ ሰው እያላመጠ ነው የሚሰማት፣ መምህራኑ እየሳቁ ነው፣ እኔ በአንድ ጆሮዬ ነው። እድርተኛው ግን ኑዛዜ እንደሚነበብለት ሰው እጁን አጣጥፎ፣ ሳያስልና ሳይነቃነቅ ሰማ። ዲስኮውንም እንዲያው ነው የሰሙት፤ ጃኬቱ ሲያብለጨልጭ፣ ትከሻው ሲወዛወዝ፣ ማንም ፈገግ አላለም። በየዘፈኑ መጨረሻ ሊቀመንበሩ "አንድ" "ሁለት" እያሉ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ዙር ይቆጥሩላታል።

የደብዳቤው ዘፈን አምስተኛው ነው። የሚኒባሱ ጥሩምባ ጮኸ፤ እኔ እንደ ልማዴ አፍንጫዬን ነፋሁ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ። በዚያ ማጉያ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ሰማሁት። መዝገብ ቤት የምትለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርገዋለች፤ የሆነ ሰው ሰምቶ እንዳይስቅባት የምትጠነቀቅ ይመስል። ከጎኔ የተቀመጡት ባልቴት፣ ያው አልበም ማነው ያሉኝ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና "ይህቺ ልጅ ስንት ዓመት አፍናው ኖራለች?" አሉ። እኔን አይደለም የጠየቁት። ቢሆንም መልሱን አውቀው ነበር።

ሲያልቅ ሰዓቱ ስምንት ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው አሥራ ሁለት ላይ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ነበረኝ። ሰው እየፈረመ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ገመድ እጠቀልል ነበር፤ እያንዳንዱ "እንኳን ደስ ያለህ መምህር" እያለ እጄን ጨበጠኝ። አሁን ልንገራቸው አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ አሁን ብነግራቸው ቅድም ለምን ዝም አልክ ይሉኛል አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አይነቅዝም ያለው ሰው የእኔን ዝምታ አላየውም።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ያ አቅራቢ ዝርዝሩን ከአሥረኛው ጀምሮ አነበበ። አሥረኛ የወጣው አንድ ጎረምሳ ነው፤ አልበሙ በሙሉ "ወይ ወይ" ከማለት ሌላ ቃል የለውም፤ ከፈለጋችሁ ልማልላችሁ እችላለሁ። ዘጠነኛ፣ ስምንተኛ፣ እያለ እስከ አንደኛ ወጣ። የእኅቴ ስም አልተጠራም። ዝርዝሩ ገጹ ላይ ሲወጣ ከፍቼ አየሁት፤ አሥራ አንደኛ ናት። ከጎረምሳው ጋር ያላቸው ልዩነት እድሩ መዝገብ ላይ ከፈረመው ሰው ያንሳል። ደጋግሜ አየሁት። አንድ ስሕተት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቁጥር ላይ ጎበዝ ነኝ።

ሰኞ በአምስት ሰዓት ከሚኒባስ ወርዳ መጣች። ጃኬቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛዋለች። ምሳ አቀረብንላት፤ በላች። አንድ ነገር የማለት ግዴታ ስላለብኝ "አሥራ አንደኛም እኮ ቀላል አይደለም እትዬ" አልኳት።

"አሥራ አንደኛ ሳክስፎን የለውም" አለች። አላለቀሰችም። እጇን ደረቷ ላይ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር፤ እሱንም አላደረገችም። ሳህኑን አነሳች።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሊቀመንበሩ፣ ሐጂና ባልቴቲቱ ናቸው። ሳሎን ገብተው አንቀመጥም አሉ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ቆሞ ነው ተባለ። እኅቴ ደንግጣ አብራቸው ቆመች። እኔም ቆምኩ።

ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ በድለንሻል" አሉ። "ትናንት እድሩን በሙሉ አዳራሽ ሰብስበን አልበምሽን ሰምተናል። አንድ ሰው አልቀረም። ውጤቱ ሲነገር ዘረፏት አልኩ። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያው ደወልኩ። ይህን ያህል ሰው ሰምቷል፣ ፊርማ አለን፣ ማኅተም አድርገን እንልካለን አልኩት ልጁን። ሳቀ። 'ፋዘር፣ በስንት ስልክ?' አለኝ። በአንድ አልኩት።" ኮፍያቸውን በእጃቸው አገላበጡ። "ለካ አንድ ነን። ያን ያህል ሰው ተሰብስበን አንድ ነን። ሌላውን ስልክ ያስጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

እኅቴ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው። መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ፤ በኋላ ግን ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ያ ሁሉ ሰው ከቅዳሴ መልስ በዝናብ ለእሷ መውጣቱ ገባት።

"የተማረ ሰው ከመካከላችን አልነበረም" አሉ ባልቴቲቱ ሊያግዟቸው።

"ኧረ መምህር ነበር" አሉ ሊቀመንበሩ። "ገመዱንም የሰካልን እሱ ነው። ልክ ነው ወይ ብዬም ጠይቄዋለሁ።"

እኅቴ ወደ እኔ ዞረች። ከጀርባዬ ያ ጠረጴዛ አለ፤ ብርጭቆዎቹን የደረደርኩበት። አንድ ስልክ ለመቶ ሰው አንድ ነው ብዬ ያስረዳሁት እሷን ነው፤ ለሕፃንም ይገባዋል ብዬ። አየችኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ አንገቴን ቀና አድርጌ እከራከራት ነበር፤ በክርክር አልታማም። ግን ስታዝለኝ የነበረችው እኅቴ ናት ያየችኝ፤ ከባድ ዕቃ እንደተሸከመ ሰው ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከፈተችው።

"መምህሩም አላወቀም ማለት ነው" አሉ ባልቴቲቱ።

"አዎ" አለች እኅቴ። "ቢያውቅማ ይነግራችሁ ነበር።"

ከዚያ ሦስቱንም በየተራ አቀፈቻቸውና አስቀመጠቻቸው። ሊቀመንበሩ ቀለል አላቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ላይ እንዴት እንደሚሮጡላት ማውራት ጀመሩ። ሲነሱ ሐጂ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከትናንት ጀምሮ ቃል ሲናገሩ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"አንተም ደክመህልናል፣ ልጄ" አሉ። "ረቢ እውቀትህን ይባርክልህ።"

እኅቴ ከኋላቸው ቆማ ትጠብቃለች።

"አሜን" አልኩ።